ከዲንሾ እስከ ሐረና፦ የባሌ የእግር ጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፤ ወደ ዲንሾ

ባሌ ደርሶ የመጣን ሰው ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚነግራችሁ ቀይ ቀበሮ ማየቱን ነው። ሳኔቲ አምባ ላይ መኪናው ይቆማል፣ መስኮቱ ይወርዳል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ጎባ ለምሳ ይደረሳል። አልነቅፍም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ አምባውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ እንዲህ ማየት ይቻላል። የእኔና የጓደኛዬ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ከሰሜኑ ጫፍ ከዲንሾ ተነስተን፣ የወይብን ሸለቆ ተከትለን፣ የራፉን ዓለቶች አቋርጠን፣ በሳኔቲ በኩል ወደ ሐረና ጫካ መውረድ። ወሩ ኅዳር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ መሬቱ ግን ውሃውን ገና አልጨረሰም።

የመጣነው በአሰላ በኩል ነው። አርሲ ላይ ስንዴው ለአጨዳ ደርሶ ኮምባይነሮቹ ማሳው ውስጥ ገብተዋል። በቆጂን ስናልፍ ሹፌሩ ሳይጠየቅ የሯጮቹን ስም መደርደር ጀመረ፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። አዳባን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ እየሄደ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ጃኬቱን ለበሰ። ዲንሾ ከመድረሳችን በፊት በግራ በኩል የጋይሳይ ሜዳ ተዘረጋ። ከርከሮዎች ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ፤ አለፍ ብሎ የደጋ አጋዘኖች በመንጋ ቆመዋል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን መኪና ውስጥ እንደተቀመጥን ያየናቸው የመጀመሪያዎቹ የዱር እንስሳት እነዚህ ናቸው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ከተማ ጫፍ ላይ፣ ጥድና ኮሶ በበቀለበት ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ አጋዘኖቹ ሰው አይፈሩም፤ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድና ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር አለው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ሳይንስ ያወቀውም ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መጨረሻ ላይ ከተመዘገቡት አንዱ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፓርኩ ጠባቂ አጥቶ ብዙ አጋዘን ተገድሏል፤ ከተረፉት መካከል የዚህ ግቢ መንጋ ይገኝበታል። አስጎብኚያችን ይህን የነገረን ምዝገባውን እየጨረሰ፣ እግረ መንገዱን ነው። አካባቢው ተወልዶ ያደገ፣ ልጅነቱን ወይብ ሸለቆ ከብት ሲጠብቅ ያሳለፈ ሰው ነው።

እሑድ፤ ወይብ ሸለቆ

ጓዛችንን የሚሸከሙት ፈረሶች ናቸው። የፈረስ ባለቤቶቹ የሚሠሩት በተራ ነው፤ ተራው የደረሰው ሽማግሌ ልጃቸውን ይዘው በጠዋት መጡ። አባባ እያንዳንዱን ከረጢት በእጃቸው እየመዘኑ ግራና ቀኙን ካስተካከሉ በኋላ በመጫኛ አሰሩት። የጓደኛዬን ቦርሳ ሲያነሱ ግን ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ድንጋይ ወደ ተራራ ይዘህ ትወጣለህ እንዴ?»

ቦርሳው ውስጥ የታሸገ ምግብ ሞልቶ ነበር። ግማሹ ዲንሾ ቀረ። የእሳቸው ስንቅ አንድ ጥቅል ጭኮ ነው፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት። በኋላ ቀምሰነዋል፤ ለብርድ ቦታ ከዚያ የተሻለ ምግብ አላውቅም።

መንገዱ መጀመሪያ የሚያልፈው በገብስ ማሳዎችና በሣር መካከል ነው፤ ከዚያ ኮሶው ይጀምራል። የኮሶ ዛፍ ሲያረጅ ግንዱ ይወፍራል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ከቅርንጫፎቹ ደግሞ የዛፍ ሽበት ይወርዳል። ከሥሩ ቢጫ አበባ ያወጣው አምጃ አለ። ጥላው ውስጥ ሁለት የምኒልክ ድኩላዎች አየን፤ ወንዱ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። እኛን ሲያዩ አንድ ጊዜ ጮኸው ጠፉ።

ከኮሶው ስንወጣ ዛፉ በአንድ ጊዜ አለቀና ወይብ ሸለቆ ተከፈተ። ሸለቆ ሲባል ጠባብና ገደላም ነገር የሚጠብቅ ሰው እዚህ ይደናገራል። ከ3,400 ሜትር በላይ ላይ የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ወንዙ በመሐሉ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ዳርና ዳሩን ጥቁር ዓለት አጥሮታል። ረግረጉ ውስጥ ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝይዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመገባሉ፤ እነሱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ከብትም አለ፣ ብዙ ከብት። ቆላው ሲደርቅ ወይም እህል ማሳው ላይ ሲቆም ከብቱን ወደ ደጋ ማውጣት የባሌ ሰው የቆየ ልማድ ነው፤ ጎዳንቱ ይሉታል። ከብቱ የሚመጣው ለሣሩ ብቻ አይደለም፤ ማዕድን ያለውን የሆራ ውሃ ለመጠጣትም ነው። የዱሮው ሥርዓት ከብቱ ወቅቱን ጠብቆ መጥቶ ወቅቱን ጠብቆ የሚመለስበት ነበር። አሁን ብዙዎቹ ጎጆዎች ዓመቱን ሙሉ ጭስ ይወጣባቸዋል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከጎጆዎቹ አንዷ በር ላይ ቆመው ወተት የሚንጡት እናት ይህን ዜና ሰምተው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ጥያቄው ራሱ ትንሽ ነውር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ፊንጫ አበራ ደረስን። የወይብ ውሃ እዚህ ከሜዳው ጠርዝ ወደ ገደል ይወድቃል፤ ከታች ያለው ሸለቆ ደግሞ በእውነትም ሸለቆ ነው፣ ጠባብና ጥልቅ። ፏፏቴው ደስ ይላል። እኔ ግን ይበልጥ ለማየት የጓጓሁት በዚሁ አካባቢ ያለውን የዓለት ጥላ፣ ዋሻ መሰል መጠለያውን ነው። ፊንጫ ሐበራ ይባላል፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው ያገኙትን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ይፋ አድርገዋል፤ ሰው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት እዚህ ኖሯል። ያን ጊዜ የባሌ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ሰው መኖሩ ከተረጋገጠባቸው እጅግ ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን እየበሉ ኖሩ? ፍልፈል! ከአመዱ መካከል የተገኘው አጥንት አብዛኛው የተጠበሰ የግዙፉ ፍልፈል አጥንት ነው። መሣሪያቸውን የሠሩት ከባልጩት ሲሆን፣ ባልጩቱን ያመጡት ከ4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። ማለትም በብርዱ ውስጥ ወደ ላይ ወጥተው ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ከበረዶው የቀለጠውን ውሃ ይጠጣሉ፣ ወርደው ፍልፈል ይጠብሳሉ። አስጎብኚያችን ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እኛ ልጅ ሆነን በድንጋይ እንወረውረው ነበር እንጂ በልተነው አናውቅም» አለ።

ያደርነው ከወንዙ ዳር ነው። ሌሊት ድንኳኑ በውርጭ ደርቆ ሲነካ ይንኮሻኮሻል።

ሰኞ፤ ኬይሬንሳ

ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈው ስለ ፍልፈል ነው ብል ጓደኛዬ አይቃወመኝም፤ ቀኑን ሙሉ ያየነው እሱን ነው።

ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጭ አይገኝም። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ዓይኖቹ ያሉት ከራሱ አናት ላይ ነው። ይህም ሥራው ነው፤ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ከሌላው አካሉ አስቀድመው የሚወጡት ዓይኖቹ ናቸው። ዙሪያውን ያያል። ሰላም ከሆነ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ያለውን ሣር በጥርሱ እያጨደ፣ አንድ አፍ ሙሉ ሲሞላለት ወደ ኋላው ይመለሳል። ጀርባውን ለዓለም ሰጥቶ አይገባም። ዳር ያለው ሣር ሲያልቅ ቀዳዳውን በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል። ሜዳው ሁሉ በጉብታዎቹ የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው፤ እግር ያለማቋረጥ እየሰመጠ መራመድ ያደክማል። ግን ይህ አፈር በስንት ሺህ ዓመት ስንት ጊዜ ተገለባብጦ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት። በሬም ማረሻም ሳይኖር የታረሰ አገር ነው።

አጠገቡ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ትንሽ ወፍ ትቆማለች። ፍልፈሉ አፈር ሲያወጣ የሚገለጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። አስጎብኚያችን ወፏ ስትበር ፍልፈሉም ወደ ውስጥ እንደሚሰወር ነገረን፤ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ እንዳለውም ሆነ። ያባረራት ግን እኛ አልነበርንም።

ቀይ ቀበሮ ከከብቶቹ መሐል ወጣ። አዎ፣ ከከብቶቹ መሐል። ላሞቹ እየጋጡ ሲራመዱ እሱም አብሮ ይራመዳል፤ ፍልፈሉ የከብት ኮቴ ስለለመደ አይደነግጥም። ቀበሮው ቀጭን ነው፣ እግሩ ረጅም፣ አፈ ሙዙ ረዘም ያለና ሹል፤ ሆዱና አንገቱ ሥር ነጭ ነው። ከጉድጓዱ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ሆዱን መሬት አስነክቶ ቆመ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ጓደኛዬ አስነጠሰና ሁላችንም ደነገጥን፤ ቀበሮው ግን ጆሮውን እንኳ አላዞረም። ዘለለ፣ ሳተ፣ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ አፈሩን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ይበትን ጀመር። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ትቶት ሄደ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ያዘ።

ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ካሉት ሥጋ በል እንስሳት እጅግ ከተመናመኑት አንዱ ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት በአገሪቱ ሁሉ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ያለው እዚህ ባሌ ነው። በቡድን ይኖራል፣ ልጁን በጋራ ያሳድጋል፣ ወሰኑን ጠዋትና ማታ በጋራ ይዞራል፤ አደን የሚወጣው ግን ብቻውን ነው። አንድ ኪሎ ለማትሞላ ፍልፈል ቡድን አያስፈልግም።

የሚገድለው ረሃብ አይደለም። የሰው ውሻ ነው፤ ውሻው ራሱ ሳይሆን ይዞት የሚመጣው በሽታ። የእብድ ውሻ በሽታ በተለያየ ጊዜ ገብቶ አንዳንዱን ቡድን ሙሉ በሙሉ ጨርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003ና በ2008 የተነሱትን ወረርሽኞች የአካባቢው ሰው ሁሉ ያስታውሳል። በቀይ ቀበሮ ጥበቃ ላይ የሚሠሩት ሰዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ክትባት በሥጋ ውስጥ ደብቀው ይሰጣሉ። መንገድ ላይ ያገኘነውን እረኛ ልጅ አስጎብኚያችን ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ውሻው ነው።

«ተወግቷል?»

«ተወግቷል» አለ ልጁ፤ ውሻውን አንገቱን ይዞ እያሳየን፣ ክትባቱ ከላይ የሚታይ ይመስል።

ኬይሬንሳ ስንደርስ ድንኳን ልንተክልበት ያሰብነው ጥግ ደስ የሚል፣ ከነፋስ የተከለለ ነበር። አስጎብኚያችን ከሩቅ አይቶ «እዚያ አይሆንም» አለ። ከዓለቱ ሥር ጉድጓድ አለ፤ ኅዳር ደግሞ ግልገሎች የሚወለዱበት ወቅት ነው። እናቲቱ ሰው ካየች ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ሌላ ቦታ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ መዛወር ለግልገል ቀላል አይደለም። ነፋስ ላይ አደርን።

ማክሰኞ፤ ራፉ

ራፉን በቃል ማስረዳት ያስቸግራል። ሜዳው ላይ በድንገት የድንጋይ ደን ይጀምራል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከመሬት ፈልቆ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቋል፤ ከዚያ ውሃና ውርጭ፣ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቁ ስንጥቁን አስፍተው ለስላሳውን ክፍል ወስደውታል። የቀረው ምሰሶ ነው፤ አንዱ ብቻውን ቆሟል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ራሱን አጋጥሟል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ኩበት ክምር ዝርግ ድንጋዮች ተነባብረውበት ሊወድቅ ያዘነብላል። በመካከላቸው መተላለፊያ አለ፤ ጠባብ፣ አረንጓዴ፣ ነፋስ የማይገባበት። መተላለፊያው አንዳንድ ቦታ ፈረስ አያስገባም። አባባና ልጃቸው ዙሪያውን ሄዱ፣ እኛ በውስጡ ገባን።

ከላይ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ጥላው ውስጥ እጅ ይደነዝዛል። ይህ የከፍታ ጠባይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት አይይዝም፤ ስለዚህ ሁለት እርምጃ ስትራመዱ ወቅቱ የተለወጠ ይመስላል። ሽኮኮዎች ይህን ስለሚያውቁ ከፀሐዩ ጋር ከድንጋይ ድንጋይ እየተዛወሩ ይተኛሉ። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋውን እምብርት ከውርጭ ይሸፍናል፤ ጠዋት ይከፍታቸዋል። ቁመቱ ሰው ሁለት ጊዜ የሚበልጥ ጅብራ ሥር ቁጭ ብለን ምሳችንን በላን። ለማበብ ረጅም ዓመታት ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። የደረቁት ግንዶች እየተንገዳገዱም ቢሆን ቆመው ይቆያሉ።

ሰማዩ ላይ ሁልጊዜ የሆነ አሞራ አለ። አጥንት ከላይ እየለቀቀ ድንጋይ ላይ የሚሰብረውን ጢማሙን አሞራ ሲሠራ ለማየት ግማሽ ሰዓት አንጋጥጠን ጠበቅን፤ አልሠራልንም፤ ዞረን አንገታችንን እያሸን ተነሳን። አንድ ቁራ ግን የጓደኛዬን ብስኩት ይዞ ሄደ።

ካምፑ ላይ ያገኘናቸው ሁለት የውጭ አገር ወጣቶች ዓለቶቹ ላይ ለመውጣት ገመድ ይዘው መጥተዋል። አስጎብኚያቸው አይቻልም እያለ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ለምን እያሉ። መልሱ ግልጽ ነው። እነዚያ ምሰሶዎች ጠንካራ ይመስላሉ እንጂ ውርጩ እየፈለቀቃቸው ነው፤ እጅ ሲያርፍባቸው የሚንቀሳቀሱ ድንጋዮች አይተናል። በመጨረሻ ገመዱን ልብስ ማድረቂያ አደረጉት።

ረቡዕ፤ ገርባ ጉራቻ

ሙሉውን ቀን ነፋስ። አስታ የሚባለው የደጋ ተክል ዛፍነቱን ትቶ ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ ሆኗል፤ ከእሱ በላይ ነጭና ደረቅ አበባ ያለው ግራጫ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። አንዳንድ ቦታ አስታው ተቃጥሏል። እረኞች በበጋ ያቃጥሉታል፤ አሮጌው ሲነድ ለከብት የሚሆን ለጋ ይበቅላል፣ ለአውሬ መደበቂያ የሚሆነውም ይጠፋል። የተቃጠለውን አይቼ ልናደድ ስል አስጎብኚያችን እሳቱ ራሱ አዲስ ነገር አለመሆኑን፣ የበዛው ግን ድግግሞሹ መሆኑን ነገረኝ። አስታው ለማገገም ጊዜ ሲያገኝ ከሥሩ ይመለሳል። ጊዜ ካላገኘ አይመለስም።

ገርባ ጉራቻ ከገደል ሥር የተቀመጠ ጥቁር ሐይቅ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ለብቻው ነው። ጎድጓዳውን የቆፈረው የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ ከቀለጠ በኋላ ደለሉ በየዓመቱ ሲነጠፍ ቆይቷል፤ ተመራማሪዎች ቧንቧ ሰድደው ያወጡት ደለል ከ16,000 ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። በውስጡ ያለውን የአበባ ዱቄትና የከሰል ቅንጣት እየቆጠሩ የትኛው ዛፍ መቼ እንደመጣ፣ መቼ እንደነደደ ያነባሉ። ስለ አስታውና ስለ እሳቱ አስጎብኚያችን የነገረኝ ከደለሉ ንባብ ጋር ይገጥማል።

ከሐይቁ ማዶ የቶጎና ሸለቆ ወደ ጎባ አቅጣጫ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ጠርዝ ቁልቁል ማየት ለእኔ የጉዞው ሁሉ ውብ እይታ ነው፤ ራፉን እንኳ ይበልጣል። ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም።

ሐሙስ፤ ሳኔቲ

ሳኔቲ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተነጠፈ አምባ ነው፤ ትንንሽ ኩሬዎች፣ ጅብራ፣ ድንጋይ። አንዳንዱ ተዳፋት ላይ ድንጋዮቹ በረድፍ ተሰልፈዋል፤ ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የሰው እጅ የለበትም። በዚያ በበረዶ ዘመን መሬቱ ሲረጋና ሲቀልጥ፣ ሲረጋና ሲቀልጥ ትልልቁን ድንጋይ ከደቃቁ ለይቶ በመስመር አስቀምጦታል። አንዳንዱ መስመር እስከ 15 ሜትር ስፋት አለው።

ቱሉ ዲምቱ አናት፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ የመገናኛ ምሰሶ ቆሟል፤ መኪናም ይወጣዋል። በእግር አራት ቀን ሙሉ መጥቶ አናቱ ላይ መኪና ማግኘት ደስ አይልም፤ ይህን አልደብቅም። ግን የስልክ ኔትወርክ ስላለ ሁላችንም ቤተሰብ ጋ ደወልን፤ አባባም ደወሉ፣ ስለ አንዲት ላም ረጅም ክርክር ገጠሙ።

ፈረሶቹ ከዚህ ይመለሳሉ። አባባ ጓዙን አውርደው እጃችንን ጨብጠው መረቁን፤ ልጃቸው ጓደኛዬ የሰጠውን ኮፍያ አድርጎ ቀድሞ ሄዷል። የቀረንን መንገድ ወደ ሪራ መንደር በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን፤ የሳኔቲ ደቡብ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ግን አስጎብኚያችን ሹፌሩን አስቆመና ወረድን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው መሄድ ያለበት። ከእግራችን ሥር ገደሉ ተዘርግቶ ሐረና ጫካ እስከ አድማሱ ድረስ ይታያል፤ ጉሙ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ ሰዓት ቁልቁለት ውስጥ አስታው ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ራስ፣ ከራስ ወደ እውነተኛ ዛፍ አደገ። ግንዱ በዛፍ ሽበትና በሽበቱ ላይ በበቀለ ሌላ ነገር ተሸፍኗል። ሪራ ገብተን እሳት ዳር ስንቀመጥ ትንፋሽ የተመለሰልን መሰለን፤ አየሩ ወፍሯል።

ዓርብ፤ ሐረና

ጠዋት ቀርከሃው ውስጥ የባሌን ጦጣ ፍለጋ ገባን። ይህ ጦጣ ከሌሎቹ ዘመዶቹ የሚለየው በምግቡ ነው። እነሱ ያገኙትን ሁሉ ሲበሉ እሱ የሚበላው በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ቀርከሃ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ሰው ደግሞ ቀርከሃውን ይፈልገዋል፤ ለአጥር፣ ለጣራ፣ ለቅርጫት። ለረጅም ጊዜ ድምፅ ብቻ ሰማን። በኋላ አንዱ ከግንዶቹ መሐል ብቅ ብሎ ነጭ ጢሙን አሳየንና፣ የያዘውን ቅጠል አላምጦ ሳይጨርስ ሄደ። ከባሌና ከአካባቢው ደጋ ውጭ አይገኝም።

ከዚያ በመኪና ወደ ታች። የፓርኩ ዝቅተኛ ቦታ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሳኔቲ እስከዚያ ያለው ልዩነት ሰው በአንድ ቀን ቀሚስና ካፖርት የሚፈራረቅበት ነው። ዛፎቹ እየረዘሙ ሄዱ፤ ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ሥሩን ከሌላ ዛፍ ላይ ያወረደ ሾላ። ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ከላይ ይዘላሉ። ይህ ጫካ አንበሳም አለው፤ እኛ ያየነው ግን ዱካውን እንኳ አይደለም፣ የአስጎብኚያችንን ወሬ ነው።

ቀፎዎቹን ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው የትኛውም ትልቅ ዛፍ ባለቤት አለው። ረጅምና ክብ ቀፎ ሰው ሊወጣበት ከማይመስል ቅርንጫፍ ላይ ታስሯል። ማርን የሚቆርጡት ሌሊት በገመድ ወጥተው፣ ጭስ ይዘው ነው። ከሥር ደግሞ ቡና አለ። ማንም አልተከለውም፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ ቡና ነው፤ ግንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ፍሬው ዘርዘር ያለ። ከተተከለው የሚያንስ ምርት ይሰጣል፤ ወቅቱ የለቀማ ስለነበረ ግን በየቤቱ ደጅ ቀዩ ፍሬ በአልጋ ላይ ተሰጥቷል።

አንዲት እናት ቤት ገብተን ከዚያው ቡና ጠጣን። ቅቤ ይጨመርላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ አስጎብኚያችን ለሁላችንም ተቀበለ። እንዴት እንደሚለቅሙ ስጠይቃቸው ዝንጀሮውን አማረሩ።

«እኛ ቀይ እስኪሆን እንጠብቃለን፣ እሱም ቀይ እስኪሆን ይጠብቃል። አንድ ቀን ይቀድመናል።»

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን ልጄ! ልጆቹ ይጮሁበታል። ደግሞ ፍሬውን ነው የሚፈልገው፤ ውስጡን ትቶልን ይሄዳል፣ መሬት ወርደን እንለቅማለን።»

ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል፣ ገናሌ፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ከባሌ አልፈው ሶማሌ ክልልን፣ ከዚያም ሶማሊያን ያጠጣሉ። ከሳኔቲ ረግረግ የተነሳው ውሃ እኚህ ሴት ጓሮ ሲደርስ ንጹሕ ምንጭ ነው፤ ቡናው የተፈላው በእሱ ነው። ሁለተኛውን ጀበና ሲጥዱ ወደ ጎባ የምትመለሰው መኪና ጥሩምባዋን ነፋች። አስጎብኚያችን ሹፌሩ የአጎቱ ልጅ እንደሆነ፣ ስለዚህ ሦስተኛውን ሳንጠጣ መነሳት እንደማያስፈልግ ነገረን።